ከአይከል ቁልቁል የሚወርድ ጎማ

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወጥቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ የተጓዘ የጭነት መኪና አይከል ሲደርስ ገና ነፋሻ አየር ውስጥ ነው። የጭልጋዋ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ መንገዱ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውሃ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስ ይወርዳል። የመተማ ከፍታ 1,000 ሜትር አይሞላም፤ በበጋው መጨረሻ ቀትር ላይ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ ጭኖ የወረደ መኪና ሰሊጥ፣ ጥጥ ወይም ማሽላ ጭኖ ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ ይመለሰዋል።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ለደጋው በቅሎና አህያ፣ ለቆላው ግመል ነበረው። መኪና ግን ደጋውንም ቆላውንም በዚያው ጎማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለዚህ መንገድ ጎማ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ስለ ሙቀት ማሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለ ጭነት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ጥርስና ስለ ዕድሜ የሚነሳው ሁሉ መጨረሻው እዚያው ሙቀት ላይ ይደርሳልና።

ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ጎኑ ይጎብጣል፤ ከመሬት ሲለቅ ይቃናል። ገልባጮቻችን ላይ የምናየው 12.00 አር 20 የሚባለው ጎማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በደቂቃ ወደ 290 ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር መጉበጥና መቃናቱ በጎማው ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ላስቲክ ሙቀትን ቶሎ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከጥርሱ ሥር፣ በተለይም የሽቦው መረብ ጠርዝ ባለበት በትከሻው በኩል ይከማቻል። እዚያ ያለው ላስቲክ ሲደክም ንብርብሩ ይላቀቃል። መንገድ ዳር እንደ ቆዳ ተገሽልጦ የምናየው የጎማ ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ውጤት ነው። ጭነት ሲበዛ፣ ነፋስ ሲያንስ ወይም ፍጥነት ሲጨምር መጉበጡም ሙቀቱም ይጨምራል።

የጎማው አሠራርም ለውጥ ያመጣል። በናይለን ጎማ ውስጥ የክሩ ንብርብሮች እርስ በርስ በሰያፍ ተሻግረው ነው የተሠሩት፤ ጎማው ሲጎብጥ ንብርብሮቹ ይፋተጋሉ። በራዲያል ጎማ የአካሉ ሽቦ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ ይሻገራል፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ የብረት ቀበቶ ይዞረዋል። ሚሽሊን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1946 አስመዝግቦ በ1952 ለጭነት መኪና አዋለው። ራዲያል ያነሰ ይሞቃል፣ ጥርሱም ይቆያል። ናይለን ወፍራም ጎን ስላለው የድንጋይ ምት ይችላል፤ ዋጋውም ይቀላል። በ1960ዎቹ (ዓ.ም) አዲስ ጎማ ተብሎ የተመሠረተውና ዛሬ ሆራይዘን አዲስ ጎማ የሚባለው ፋብሪካ የአገራችንን መኪና ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በአይከል ዙሪያ በገጠር መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሠራ ኤንፒአር አይሱዙ የ7.50-16 ናይለን ጎማ ዛሬም አያሳፍርም። መተማ ድረስ ሙሉ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ከባድ መኪና ግን ራዲያል ይሻላል እላለሁ። በአንድ አክስል ላይ ሁለቱን ማቀላቀል ጨርሶ መደረግ የለበትም፤ አጎባበጣቸው ስለሚለያይ ጭነቱን እኩል አይካፈሉም።

ገበያ ላይ ሻጭ የጎማውን ስምና አገር ይናገራል። ገዢው ማንበብ ያለበት ግን የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ነው። በ12.00 አር 20 ጎማ ላይ «154/149» እና «ኬ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ 154 ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም 3,750 ኪሎ እንደሚችል ይናገራል፤ 149 ደግሞ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 3,250 ኪሎ እንደሚችል። በእኛ አነጋገር ከፊት 37.5 ኩንታል፣ ከኋላ 32.5 ኩንታል መሆኑ ነው፤ ይህም የመኪናውን የራሱን ክብደት ጨምሮ። «ኬ» የሚለው ፊደል የፍጥነቱ ጣሪያ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ሲሆን፣ «ኤፍ» ከሆነ 80 ብቻ ነው። ያው ልክ፣ ያው ስፋት ሆኖ «156/153» የተጻፈበት ጎማም አለ፤ እሱ በጥንድ 3,650 ኪሎ ይችላል። ልዩነቱ በአንድ ጎማ 4 ኩንታል፣ በስምንቱ የኋላ ጎማ 32 ኩንታል ነው። ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን አይለዩም። ትልቁን ቁጥር የገዛ ሰው ግን የተጨማሪ ጭነት ፈቃድ አልገዛም፤ የአክስሉና የመንገዱ ልክ እንዳለ ነው። የገዛው ያንኑ ጭነት ሳይጨናነቅና ሳይግል የሚሸከም ጎማ ነው።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያታልለው የተመረተበት ጊዜ ነው። ከጎማው ጎን በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዞች አሉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ የሚቆጠረውም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «1817» የሚል ጎማ ያየ ሰው «የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» ብሎ ሊደሰት ይችላል። ያ ጎማ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2017 ዓመት በ18ኛው ሳምንት፣ ማለትም በሚያዝያ 2009 ዓ.ም ነው። ጥርሱ ሙሉ፣ ቀለሙም ጥቁር ሆኖ ሳለ ላስቲኩ መጋዘን ውስጥ አርጅቷል። ብዙ አምራቾች ጎማ ካገለገለ ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወጣ ይመክራሉ። በቆላ ፀሐይ የዋለ ጎማ ከዚያም ቀድሞ ያረጃል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣ ጎማ በርካሽ ቢገኝም ይቅር፤ ለስኮርታም ቢሆን አልመክርም፣ የስኮርታ ቀን የክፉ ቀን ነውና።

አሁን ወደ ነፋሱ። አይከል ላይ ጠዋት 18 ዲግሪ ሲሆን 120 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ 38 ዲግሪ ባለበት መተማ ሲለካ፣ ከመሽከርከር የመጣውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ ወደ 127 ከፍ ይላል። የውስጡ አየር ስለሚሞቅ ወደ 9 ይጨምራል፤ ቆላው ላይ የውጭው አየር ስለሚከብድ ወደ 2 ይቀነስለታል። በመንገድ የተሽከረከረ ጎማ ደግሞ ከዚህም በላይ ያሳያል። ሹፌሩ ይህን አይቶ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ነፋስ ሲያስወጣ ጎማው ይበልጥ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ይበልጥ ይሞቃል፤ የፈራውን በገዛ እጁ ይጠራዋል። ጎማ ሲሠራ ይህ ጭማሪ ታስቦለታል። የሚለካው ቀዝቅዞ ሳለ፣ ጠዋት ከመነሳት በፊት ነው። ተገላቢጦሹም አለ። መተማ ላይ በ38 ዲግሪ 120 የተነፋ ጎማ ሽቅብ ወጥቶ አይከል በ12 ዲግሪ ቢያድር፣ ንጋት ላይ የሚገኘው ወደ 111 ብቻ ነው። ቆላ የሞላ ደጋ ሲደርስ እንደገና መለካት አለበት። ከሚገባው ነፋስ አንድ አምስተኛው ጎድሎበት ሲነዳ የዋለ ጎማ ደግሞ ተንፍሶ እንደተነዳ ተቆጥሮ ከቸርኬው ወጥቶ ውስጡ መታየት አለበት። ጎን ላይ ያለው ሽቦ ተሰባብሮ ከሆነ፣ ነፋስ ሲገባበት እንደ ዚፕ ተተርትሮ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥንድ ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከኋላ አንዱ ጎማ ሲፈነዳ ባለ መኪናው አንድ አዲስ ገዝቶ ካለቀው ጎን ይገጥመዋል። አዲሱ ቁመቱ ስለሚበልጥ ጭነቱን እሱ ይሸከማል፤ አሮጌው መሬቱን እየዳበሰ ይጎተታል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። በትልልቅ ጎማ በጥንዱ መካከል ያለው የዲያሜትር ልዩነት ከ12 ሚሊ ሜትር፣ በትንንሾቹ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም የሚለው የሙያው መመሪያ ነው። ስለዚህ ጎማ ሲገዛ በጥንድ መግዛት፣ የተረፈውን ደኅና ጎማ ደግሞ በአለቃቀሙ ከሚመስለው ጋር ማጣመር ይበጃል። ጥሩ ጎሚስታ ይህን ያውቃል፤ «ጋሼ፣ ይሄን ከዚያኛው ጋር አላገባውም» ሲል ሥራ ሊያበዛ አይደለም፤ ሊሰማ ይገባዋል። በጥንዱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም ሁለቱንም ጎን ይበላልና ከጠጠር መንገድ ሲወጡ መታየት አለበት።

የጥርሱ ጉዳይ ክረምት ላይ ይገዝፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም የጭልጋና የደምቢያ ዋልካ ጎማ ላይ ሲለጠፍ ጥርሱ ይደፈናል፤ መኪናው ቆሞ ጎማው ብቻ ይሽከረከራል። ለኋላው እግር ጥልቅና ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው፣ ሲዞር ጭቃውን የሚተፋ ጥርስ ያስፈልጋል። ይሁንና ለድንጋይ ማውጫ የተሠራ እጅግ ወፍራም ጥርስ በአስፋልት ላይ ሙቀት ያምቃል፤ የፍጥነት ፊደሉም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። እዚያው ቁፋሮ ቦታ ለሚውል ገልባጭ ይስማማዋል፤ መተማ ለሚወርድ መኪና ከኋላ የአስፋልትና የጠጠር ድብልቅ ጥርስ፣ ከፊት ዙሪያውን በቦይ የተሰመረ ቀጥ ያለ ጥርስ እመርጣለሁ። የፊት እግር ነጠላ ነው፤ ሲፈነዳ የሚደግፈው ጎረቤት የለውም፤ መሪውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከተገዛው ሁሉ ምርጡ ፊት ይግባ፤ የታደሰ ጎማ ከኋላና በተሳቢው ይብቃው። የአሜሪካ ሕግ የጭነት መኪና የፊት ጎማ ጥርስ ከ3.2 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው ከ1.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። ለዋልካ ግን 1.6 ሚሊ ሜትር እንደሌለ ነው።

ከመነዳሪ ያለውና የሌለው ክርክር አጭር ነው። ከመነዳሪ ያለው 12.00 አር 20 በየትኛውም የገጠር ከተማ ይጠገናል። ከመነዳሪ የሌለው 315/80 አር 22.5 ቸርኬው አንድ ወጥ ነው፤ ሚስማር ሲወጋው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ውስጡ የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ያነሰ ይሞቃል። ለረጅም አስፋልት ኋለኛው፣ ለገጠርና ለድንጋይ ሥራ ፊተኛው ይስማማል። ከመነዳሪ ያለውን የመረጠ ሰው ከአዲስ ጎማ ጋር አዲስ ከመነዳሪና አዲስ ፍላፕ ይግዛ፤ የተለጠጠ አሮጌ ከመነዳሪ አዲሱ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል። ቀለበት ያለው ቸርኬ ነፋስ ሲሞላ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው እንደሚገድል አይረሳ። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ይሞላ፤ የሚሞላውም ሰው በረጅም ቱቦ ራቅ ብሎ ከጎን ይቁም። ጎማ የሚሞሉት ወጣቶች የሰው ልጆች ናቸውና ይህን የማያደርግ ጎሚስታ ዘንድ መኪና ባይሰጥ እወዳለሁ።

ቁልቁለት ደግሞ ከመንገዱ ሙቀት ሌላ የፍሬን ሙቀት ይጨምራል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (በፈረንጆች) በሠሩት የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ይህን ያውቃል። ለረጅም ጊዜ የተረገጠ ፍሬን ከበሮውን ያግላል፤ ግለቱ በቸርኬው አልፎ የጎማውን ከንፈር ይጠብሳል። በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ ፍሬኑን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ያድናል። የአይከሉ ቁልቁለት የሊማሊሞን ያህል ባይጠመዘዝም ለረጅም ርቀት ስለሚወርድ ይኸው ይሠራለታል።

ጎማ ሲለወጥ ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ መቀመጫው ላይ ሲረጋ ይላላሉና። ጎንደር ላይ ጎማ ለቀየረ መኪና ያ ርቀት የሚሞላው አይከል ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።