«ንጹህ ጀርመን ነው» ተብሎ የተገዛ ቡችላ



በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በደርሶቻችን ላይ እምብዛም አይነሳም፤ የሚመለከታቸው ተማሪዎች ግን ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቻችን ቤተሰቦቻችን በግና ፍየል ያረባሉ፣ እርሻ አላቸው፣ ግቢ ያስጠብቃሉ። ጠባቂ ውሻ ሲያስፈልጋቸው ከተማ ላለው ልጃቸው ይደውላሉ። ልጁም ቴሌግራም ላይ «ንጹህ ጀርመን ሼፐርድ፣ የሁለት ወር ቡችላ» የሚል ማስታወቂያ ያገኛል፣ ተከራክሮ ይገዛል፣ በካርቶን አድርጎ ይልካል። ወራት ሲያልፉ ቡችላው ያድግና የሰፈሩን ውሾች ቁርጥ ሆኖ ይገኛል። ከእኛው መካከል ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ ቡችላ እያመጣ የሚሸጥ ወይም ሻጭና ገዢ አገናኝቶ ኮሚሽን የሚወስድ አለ። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለት በኩል ይመጣል፦ ገዢው ምን መብት አለው? ሻጩ ኪሱ የገባው ገንዘብስ ሐላል ነው?

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይቀላል። አንድ የአበሻ ቡችላ 3,000 ብር፣ «ጀርመን» የተባለው ደግሞ 20,000 ብር ይሸጣል እንበል። ሁለቱም ውሻ ናቸው፣ ሁለቱም ይጮኻሉ። 17,000ው ብር የተከፈለው ለስሙ ነው። ስሙ ሐሰት ከሆነ ያ ገንዘብ የተከፈለው ለሌለ ነገር ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚሁ ጋር ነው።

ዓይን ለምን አይበቃም?

ሻጮች የሚያሳዩት ምልክት ይታወቃል፦ ጥቁር ጀርባ፣ ቡናማ እግር፣ ወፍራም መዳፍ፣ የቆመ ጆሮ። ችግሩ ከነዚህ አንዱም ማስረጃ አይሆንም። የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ሲወለድ ጆሮው የወደቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በሦስትና በአምስት ወር መካከል ነው፣ የሚዘገይም አለ። ስለዚህ በሁለት ወሩ ጆሮው የወደቀ ቡችላ «ገና ነው፣ ይቆማል» ሊባል ይችላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ውሸትም። የአበሻ ውሾቻችን ውስጥ ደግሞ ጆሯቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ሞልተዋል። ጥቁርና ቡናማው ቀለምም የጀርመን ሼፐርድ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ዝርያዎችና በመንደር ውሾችም ላይ ይገኛል።

ነገሩ የሚገባን «ዝርያ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ስናውቅ ነው። ጀርመን ሼፐርድ የሚባለው ዝርያ የተመሠረተው በ1899 (እ.ኤ.አ.) ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ በመዝገብ ቁጥር አንድ ብሎ አስመዘገበው፣ ማኅበርም አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ንጹህ የሚባለው አባትና እናቱ በመዝገብ የሚታወቁት ነው። ስለዚህ የዝርያ ማስረጃው ከቡችላው ፊት ይልቅ በወላጆቹ መዝገብ ላይ ይገኛል። መዝገብ በሌለበት አገር «ንጹህ» ማለት ብዙ ጊዜ ሻጩ የሚለው ነው እንጂ ሌላ ዋስ የለውም።

ክልስ ሲሆን ደግሞ ዓይን ይበልጥ ይታለላል። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ባሴንጂ የሚባለውን የአፍሪካ ውሻ ከኮከር ስፓኒየል ጋር አዳቅለው ነበር። ከልጅ ልጆቹ መካከል ሁለቱንም አያቶች የማይመስሉ ወጡ። ወላጆቹን ያላየ ሰው እነዚያን ውሾች አይቶ ዘራቸውን ሊናገር አይችልም። በውጭ አገር ከውሻው ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ናሙና ወስደው የዘረመል ምርመራ ያደርጋሉ። ምርመራው ግን የሚያወዳድረው በቋቱ ካሉት ዝርያዎች ጋር ስለሆነ፣ ከነዚያ ያልተወለደ የመንደር ውሻ ሲገጥመው ግራ የሚያጋባ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

የክትባት ደብተርንም ማንሳት አለብን፤ ብዙ ሰው «ወረቀት አለው» ሲባል የሚታየው እሱ ነውና። ደብተሩ ቡችላው መከተቡን ያሳያል። «ዝርያ» በሚለው መስመር ላይ የሚሞላው ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ለሐኪሙ የነገረው ነው። ሐኪሙ የከተበው ውሻውን ነው፤ ዘሩን አልመረመረም።

ሸሪዓው ምን ይላል?

መጀመሪያ ውሻ መሸጥ ራሱ ይቻላል ወይ የሚለው ይመጣል። አቡ መስዑድ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የውሻ ዋጋ ተከልክሏል። ከዚህ ተነስተው የሻፊዒይና የሐንበሊይ ዑለማ ሽያጩ አይጸናም ይላሉ። የሐነፊይ መዝሀብ ጥቅም ያለው ውሻ ቢሸጥ ይጸናል ይላል። በማሊኪይ መዝሀብ ውስጥ ኺላፍ አለ። ማሳደጉን በተመለከተ ግን ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የተፈቀደ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ የመጣ ነው፤ ከዚህ ውጭ ያለ ምክንያት የሚያሳድግ ከምንዳው በየቀኑ እንደሚቀነስበትም እዚያው ተነግሯል። ቤት ማስጠበቅን ብዙ ዑለማ በቂያስ ከተፈቀደው ጋር አያይዘውታል።

አሁን ወደ ተታለለው ገዢ እንመለስ። የሻፊዒይን ቃል የሚከተል ሰው ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፦ ሽያጩ ካልጸና ብሩ የገዢው፣ ቡችላው የሻጩ ነው፤ ይመላለሳሉ። የሐነፊይን የሚከተል ደግሞ «ኺያሩል ወስፍ» የሚባል መብት ያገኛል፤ ዕቃው በሚፈለግ ባሕርይ ተገልጾ ተሽጦ ያ ባሕርይ ሲታጣ ለገዢው የሚሰጥ ምርጫ ነው። በሐነፊይ ፊቅህ ላይ ተመሥርቶ ከ1869 እስከ 1876 (እ.ኤ.አ.) በዑስማኒያ መንግሥት የተዘጋጀው መጀላ በአንቀጽ 310 የሚሰጠው ምሳሌ ለእኛ ጉዳይ የተጻፈ ይመስላል፦ የምትታለብ ላም ናት ተብላ ተሸጣ የነጠፈች ሆና ብትገኝ ገዢው የመመለስ ምርጫ አለው። እዚያው መጀላ ውስጥ በአንቀጽ 208 አልማዝ ተብሎ መስታወት ቢሸጥስ የሚለው ተነስቷል፤ ያ ሽያጭ ከሥሩ ባዶ ነው፣ ምክንያቱም ዕቃው በዓይነቱ ሌላ ነው። «ጀርመን» የተባለው ቡችላ የላሟን ይመስላል፤ ውሻ ተብሎ ውሻ ነው የተሸጠው፣ የጎደለው የተነገረለት ባሕርይ ነው።

ልብ በሉ፣ ምርጫው ሁለት ነው፦ መልሶ ብሩን ሙሉ መቀበል፣ ወይም በተከፈለው ዋጋ ማስቀረት። ብዙዎች «ቡችላውን ለምጄዋለሁ፣ 17,000 ብሬን ብቻ ይመልስልኝ» ይላሉ። በዚህ መዝሀብ ገዢው ይህን ብቻውን ማስገደድ አይችልም። ሁለቱ በሱልህ ተስማምተው ዋጋ ቢቀንሱ ግን ማንም አይከለክላቸውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

«እኔም አላወቅሁም፣ እኔም ተብዬ ነው» የሚል ሻጭ ይኖራል። እውነቱን ከሆነ ወንጀል ላይኖርበት ይችላል፤ የገዢው ምርጫ ግን በዚህ አይቀርም። አውቆ የዋሸ ወይም አውቆ ዝም ያለ ግን ሌላ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የተቆለለ እህል ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብር ከርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። ሰውየው በአፉ የዋሸው ነገር አልተጠቀሰም፤ እርጥቡ ከታች፣ ደረቁ ከላይ መሆኑ በቂ ነበር። እንደዚሁ ጡቷ ታስሮ ወተት የተጠራቀመባትን እንስሳ የገዛ ሰው ማስቀረት ወይም ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር መመለስ እንደሚችል በቡኻሪና ሙስሊም መጥቷል፤ አብዛኞቹ ዑለማም ይሠሩበታል። ዛሬ ጡት የማሰሩ ቦታ ላይ የሌላ ውሻ ፎቶ ቆሟል። «እናቱ ይቺ ናት» ተብሎ የሚላክ፣ ማንም በአካል ያላያት ውሻ።

አንድ በር ግን በራሳችን እጅ ሊዘጋ ይችላል። በመጀላው አንቀጽ 312 መሠረት ገዢው ጉድለቱን ካወቀ በኋላ እንደ ባለቤት ከተጠቀመበት፣ ለምሳሌ ለሽያጭ ካቀረበው፣ ምርጫው ይቀርበታል። ይህ ትልቁን ፈተና ይነካል፦ የተታለለው ራሱ «ጀርመን» ብሎ ለሌላ መሸጥ። መብቱን ያጣል፣ በላዩ ላይ ጉድለቱን ሳይናገር መሸጥ የማይፈቀድ መሆኑን የሚናገረው የዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ሐዲስ ይመጣበታል። ገዢው ሙስሊም ካልሆነስ የሚል አይጠፋም። ማጭበርበር ከማንም ጋር ማጭበርበር ነው።

በአገራችን ሕግና በተግባር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንቀጽ 2287 ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል። በውሉ በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ የተነገረ ጥራት መጉደሉ በአንቀጽ 2289 እንደ ጉድለት ይቆጠራል። በተንኮል የተገባ ውል ደግሞ በአንቀጽ 1704 ሊፈርስ ይችላል። ገዢው ግን ዕቃውን እንደተቀበለ መመርመርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ፈተና ይለፍ ብሎ ሁለት ወር መቆየት ያስጠይቃል።

ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ የዚያኑ ሰሞን የእንስሳት ሐኪም አሳዩና ለሻጩ በጽሑፍ ላኩ። ረጅም ወቀሳ አያስፈልግም፦ «በዚህ ቀን በዚህ ያህል ብር ጀርመን ሼፐርድ ብለው የሸጡልኝ ቡችላ የተባለው ዝርያ አለመሆኑን ተረድቻለሁ፤ ቡችላውን መልሼ ገንዘቤን መቀበል እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ማስታወቂያውን ከመሰረዙ በፊት ፎቶ አንሱት። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ እናቲቱን በአካል ካላያችሁ ቀብድ አትክፈሉ፤ ስትከፍሉም በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ለጀርመን ሼፐርድ ቡችላ» ብላችሁ ጻፉ። ያቺ አጭር መስመር ከሁለት ምስክር ታገለግላለች። ደላላ ለሆናችሁ ወንድሞች ያለን ቃል አጭር ነው፦ የማታውቁትን «ንጹህ» አትበሉ፤ «ሻጩ እንዲህ ይላል፣ እኔ ወላጆቹን አላየሁም» ብሎ መሸጥም ይቻላል።

ለጥበቃ ብቻ የፈለጋችሁት ከሆነ ግን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር አስቡ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን የያዘ ጥናት፣ በውሾች ጠባይ መካከል ካለው ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው ይላል። የአባቶቻችንን በጎች ከጅብ ሲጠብቁ የኖሩት ውሾች የዘር ወረቀት አልነበራቸውም።

ክርክሩ እስኪያልቅ ቡችላው እናንተ ዘንድ አማና ነው፤ ሻጩ አልቀበልም ቢል እንኳ መንገድ ላይ አይጣልም። ምግቡንና ውሃውን ስጡት፣ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ለሚመለስ ውሻ ለምን ወጪ አወጣለሁ የሚል ካለ፣ የክትባቱን ደረሰኝ ያስቀምጥና ከሻጩ ጋር ሲተሳሰብ ያቅርበው። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ወላሁ አዕለም።