ስቱኮው ሲነሳ

ትናንት ማታ ዝናቡ ሲጀምር ባትሪዬን ይዤ ወጣሁና የማድሰው አሮጌ ላንድክሩዘር ውስጥ ገብቼ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ባለቤቴ ከበረንዳው ሆና «ጤና የለህም» አለችኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጣሪያውን፣ የመስታወቱን ዙሪያ፣ የበሮቹን ጠርዝ እያበራሁ ጠበቅኩ። ጠብ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የኋላው በር ታችኛው ጥግ። ባለፈው ክረምት እዚሁ ወለል ላይ እንቁራሪት አግኝቼ ነበር።

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ስንት ፈጀብህ? እንዴት ሠራኸው?» ስትሉኝ ስለከረማችሁ ዛሬ ልጻፈው። ዋጋ ግን አልጠቅስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ዛሬ የሰማኸው ለነገ አይሆንህም።

መኪናው በተለምዶ «60» የምንለው ነው፤ ቶዮታ ከ1972 እስከ 1982 ዓ.ም. የሠራው። ሞተሩ 2ኤች ይባላል፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3,980 ሲሲ ናፍታ። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ናፍታ፣ አየርና ደህና ባትሪ ካገኘ ይነሳል። ሻጩ በ2013 በመተከል ግጭት ጊዜ አካባቢውን ለቆ ሲሄድ ግቢው ውስጥ ማንጎ ስር ጥሎት ነበር። ጥላ ደግ ነገር ይመስላል አይደል? መኪናውን የበላው ግን ፀሐይ አይደለም፣ ማንጎው ነው። ቅጠሉ በፊት መስታወት ስርና በጣሪያው ዙሪያ ባለው ቦይ እየተከመረ ይበሰብሳል፣ ውሃ ይዞ ይከርማል፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንደ እርጥብ ጨርቅ ላሜራው ላይ ይተኛል።

ብር ከመክፈሌ በፊት የሠራሁት አንድ ትክክለኛ ነገር ቢኖር ሊብሬውን ይዤ ሻንሲ ስር መግባቴ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በስተቀኝ፣ በፊት ጎማው አካባቢ ሻንሲው ላይ ተመትቷል። ጭቃውን በእጅ ብሩሽ አነሳሁት፣ አነበብኩት፣ ገጠመ። እዚያ ቦታ ላይ ግራይንደር እንዳታሳርፉ! ቁጥሩን የፋቀ ሰው መኪናው ቢያብረቀርቅም ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ የሚያሳየው ነገር የለውም።

የሠራሁት ስህተት ደግሞ ሻጩ «ቦዲው ንጹሕ ነው» ሲለኝ ማመኔ ነው። ቤት ካስገባሁት በኋላ ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልዬ ጎኑን ዞርኩት። በሮቹ ላይ ጥብቅ ይላል። ከኋላ ጎማ በላይ ስደርስ ዝም ብሎ ወደቀ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ብረት የለም ማለት ነው፣ ያለው ስቱኮ ነው። በካቻቪቴ ስነቅለው የጣት ውፍረት ያለው ልጥፍ እንደ ደረቀ ቂጣ ተገንጥሎ ወጣ፤ ከስሩ የታጨቀ ጋዜጣና የጆንያ ቁራጭ ነበር። ጋዜጣው አሁንም እርጥብ ነው።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ዝገት ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው፤ ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከስር እየገፋ ያሳብጠዋል። ያንን እብጠት ፍቆ ስቱኮ መለጠፍና ቀለም መቀባት ቁስል ሳይታጠብ ፋሻ ማሰር ነው። ስቱኮ ራሱ ውሃ ይመጥጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ዝጓል?» ሳይሆን «ውሃው የት ይተኛል?» የሚለው ነው። የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ ብታዩ ውሃ ማውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የእኔዎቹ በዋልካ ጭቃ ተደፍነው ነበር። በሽቦ ስከፍታቸው ከአንዱ በር ግማሽ ጆግ የሚሆን ቡናማ ውሃ ፈሰሰ። ይህ ሥራ አምስት ሳንቲም አላስወጣኝም፤ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ይመስለኛል።

የተበላውን ላሜራ ቆርጬ አወጣሁና መተኪያ ፍለጋ ገባሁ። የሰፈራችን ልማድ የቤት ክዳን ቆርቆሮ መለጠፍ ነው። እኔም ሞከርኩ። ከሰዓት ስበይድ ዋልኩ፤ ማታ አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ እንደ ወባ አንዘፈዘፈኝ። በማግስቱ ተመረመርኩ፤ ወባ የለም። አንድ አንጋፋ መካኒክ አለ፣ ጋሼ ነው የምለው፤ ገና ሲያየኝ «ምን በየድክ?» አለኝ። ቆርቆሮ ላይ የተለበጠው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ወተት ጠጣ ተብዬ ጠጣሁ፤ ወተቱ ለሆዴ ጥሩ ነበር፣ ለጭሱ ግን መድኃኒቱ ጭሱን አለመሳብ ነው።

ጋሼ ያሳየኝ መፍትሔ የዘይት በርሜል ነው። ውፍረቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ ለቦዲ ይስማማል። የምትቆርጡት ግን በላሜራ መቀስ ይሁን፤ ነዳጅ የነበረበትን በርሜል በእሳት የቆረጠ ሰው በርሜሉ ቦምብ ይሆንበታል። ስትበይዱም ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ዝቅተኛ ኃይል፣ ነጥብ በነጥብ፤ አንዱን ጥግ ነክቶ ወደ ሌላው ጥግ መሄድ። በአንድ ትንፋሽ መስመር ካወጣችሁ ላሜራው ይቀቀልና ይጣመማል። የመጀመሪያው ልጥፌ እንደ ሳምቡሳ ሆኖ ነው የወጣው። (ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን… ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሳናውቀው ጣሊያንኛ ነው የምናወራው።)

ብሎኖቹን ሎሚ ነው ያዳነልኝ። አልላቀቅ ያሉትን ሦስት ቀን ናፍታ እያጠጣሁ ፈታኋቸው፤ ከወጡ በኋላ ከነዳዶአቸው በሎሚ ጭማቂ ጣሳ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ጭማቂው እንደ ጠላ ጠቁሮ ብረቱ ግራጫ ሆኖ ይገኛል። በሳሙና ውሃ አጥቦ፣ ቶሎ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ነው። ሳይቀቡ ከተዉት በአንድ ቀን ተመልሶ ይዝጋል።

ገንዘቤን ያፈሰስኩት ፍሬን ላይ ነው። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዓመታት የቆመ መኪና ቱቦዎቹን ከውስጥም ከውጭም ያዝጋል። ከኋላ ታምቡሮው ላይ የሚደርሰው ቱቦ በጣቴ ስጫነው ተሰበረ። ቱቦዎቹን፣ ጎማዎቻቸውንና ሸራውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመላለስ ሰው ልኬ አዲስ አስመጣሁ። የሻንሲውን ስር የተቃጠለ ዘይት ቀቡት የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው ዝገት ይከለክላል። ጎሚኒና የፍሬን ጎማ ላይ ካረፈ ግን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል። እኔ ሻንሲውን አንቲረስት ሁለት ዙር ቀባሁት፣ ግራሶ ደግሞ እጥፋቶቹ ውስጥ ብቻ።

ቀለም ገና አልተቀባም። ጎኑን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትገው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ነጭ ንብርብር ወጣ፤ ስንት መሥሪያ ቤት አገልግሎ ይሆን? አሁን ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ነጭ ነው፤ ልጆቹ «የሜዳ አህያ» ይሉታል። ሥራው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው የሚሠራው፤ እርጥበት ላይ የተቀባ ቀለም ከስሩ ዝገትን አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ቀለሙ ለኅዳር ይቆየኝ።

«በዚህ ዘመን ናፍታ መኪና ታድሳለህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ የህዳሴው ግድብም ጎረቤታችን ጉባ ላይ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። መልሴ ቀላል ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና የምገዛበት ገንዘብ የለኝም፣ ይህ ግን ግቢዬ ውስጥ ቆሟል፣ ትናንት ጠዋትም በሁለተኛው ሙከራ ተነስቷል።

አሁን የቀረኝ ያ የሚያንጠባጥብ ጥግ ነው። ቻግኒ፣ እንጅባራ ወይም ግልገል በለስ ያላችሁ፣ የ60 የኋላ በር ዙሪያ ጎማ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ካያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሁለት ተከፋች በር ነው፣ ወደ ላይ የሚነሳው አይደለም።