አስዩም ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግሥ

በእንግሊዝ ቋንቋ አስዩም የሚባል ግሥ አለ። ሥሩ የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ለራስ መውሰድ ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ዐይነት ይነገራል፤ ከብዙው ሦስቱ የታወቁ ናቸው፤ ሦስቱም ከመውሰድ ይወጣሉ።

ፊተኛው፥ ሹመትን ወይም ሥራን ተቀብሎ መያዝ ነው። ሰው ሥራውን በተረከበ ጊዜ ይህ ግሥ ይነገርለታል።

ሁለተኛው፥ አዲስ ስም ወይም ሌላ መልክ መውሰድ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1936 ዓመት አልበርት የተባለው የእንግሊዝ መስፍን በነገሠ ጊዜ ጆርጅ ስድስተኛ ተባለ። መንግሥቱንም ስሙንም ስለ ወሰደ ግሡ ለሁለቱም ይሆናል። ዳግመኛም በልቡ ሳያዝን የሐዘንተኛ ፊት የሚያሳይ ሰው በዚሁ ግሥ ይነገርለታል።

ሦስተኛው፥ ሳይመረምሩ ነገሩን እውነት ነው ብሎ መያዝ ነው። አማርኛ ይህን መሰለኝ ይለዋል። ነገር ግን መሰለኝ ሲባል የሚመስለው ነገሩ ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን የሚወስደው ሰውዬው ነው። ስለዚህ ስሕተት ቢገኝ ጥፋቱ የነገሩ አይደለም፤ የወሳጁ ነው።

ክሪስቶፎር ኮሎምቡስ ምድር ከልኳ ያነሰች መሰለችው። ስለዚህ በ1492 ዓመት ወደ ምዕራብ ሄዶ ከአሜሪካ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ፥ ወደ እስያ የደረሰ መሰለው፤ የአገሩንም ሰዎች ህንዶች አላቸው። ከዚህም የተነሣ እነዚያ ሕዝቦች አይተዋት በማያውቋት አገር ስም ብዙ ዘመን ተጠሩ። አንድ ሰው ሳያረጋግጥ የወሰደው ግምት ለሌሎች ሸክም ሆነ።

ግምት ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። የሒሳብ መምህር፥ አንድ ገበሬ 10 በጎች አሉት እንበል ሲል ማንንም አያታልልም፤ ግምት መሆኑን አስቀድሞ ተናግሯልና። ክፉው ግምትን እውቀት ብሎ መጥራት ነው።

ተማሪ እርሳሱ ቢጠፋበት፥ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ወሰደው ብሎ ይጮኻል። ኋላም እርሳሱ ከገዛ መጽሐፉ መካከል ይወድቃል። ታዲያ የወሰደ ማን ነው? ባልንጀራው ምንም አልወሰደም፤ ከሳሹ ግን ያልተሰጠውን ግምት ወሰደ፤ የባልንጀራውንም መልካም ስም ጎዳ።

አስተዋይ ሰው ያየውን፥ አየሁ ይላል፤ የገመተውን፥ ገመትሁ ይላል፤ ያላወቀውንም ከመፍረዱ በፊት ይጠይቃል።