ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

አራስ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ እናቶች ሲመለሱ ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አለ። ሲሄዱ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፏል፤ ሲመለሱ ግን አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ቦሌ እስኪደርስ የትም አልቆመም። ሁለቱ ከተሞች ያሉበት ቦታ አልተለወጠም፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሉል ላይ ክር ተወጥሮ ቢለካ ክሩ በሱዳንና በሊቢያ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጥቶ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክን ይሻገራል። አውሮፕላኖች እንደ ነፋሱና እንደ አየር ክልሉ ሁኔታ ከዚህ መስመር ስለሚያፈነግጡ፣ በተግባር የሚበሩት ርቀት ከዚህ ይበልጣል።

ቀዳሚው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላንን የሚያነሣው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው፤ ሞተሩም ግፊት የሚያገኘው ከሚስበው አየር ነው። አየር ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ፤ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የቦሌ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና በርበሬና ሽሮ የታጨቀበት ሻንጣ አንድ ላይ ተጭኖ መነሣት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ወይ ጭነት መቀነስ፣ ወይ በመንገድ ላይ ነዳጅ መሙላት ግድ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በተለያዩ ዓመታት ሮምን፣ ደብሊንንና ሎሜን ለዚህ ተጠቅሟል። ሦስቱም ዝቅተኛ ስፍራዎች ናቸው። ዳለስም ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም፤ በመመለሻው አውሮፕላኑ ነዳጁን ሞልቶ በቀጥታ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የአየር ጅረት አለ፤ ጉልበቱ በተለይ በክረምታቸው ይበረታል። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገፋዋል፣ የሚመለሰውን ከኋላ ያግዘዋል። በዚህም መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ መሄጃው ከነማረፊያው 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል።

በመካከለኛው ማረፊያ ወደ ዋሽንግተን የሚቀጥሉ መንገደኞች ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርዱም። ቋንቋ የማይችሉና ብቻቸውን የሚጓዙ አዛውንት ግን የደረሱ መስሏቸው ሊነሡ ስለሚችሉ፣ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢነግራቸው መልካም ነው።

ለሚቀበሉም የሰዓቱ ነገር ያደናግራል። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው፤ አቆጣጠሩም የፈረንጆቹ ነው። ከዋሽንግተን 11:00 የሚል ትኬት የያዘ መንገደኛ የሚነሣው በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ቦሌ የሚደርሰውም በማግሥቱ ማለዳ 1 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ የሚሠራው የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 7 ሰዓት በሆነበት ወቅት ነው። ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ አሜሪካውያን ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ልዩነቱ 8 ይሆናል።