በፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የገባ አየር

ፍሪሲዮን ተቀይሮለት ማርሽ አልገባ ያለ መኪና ቢያጋጥመን፣ ካምቢዮውን ዳግመኛ ከማስወረዳችን በፊት ዘይቱን እንመርምር፤ በጥገናው ጊዜ ቱቦው ተፈትቶ ከነበረ አየር ሳይገባበት አልቀረምና።

በፓስካል ሕግ መሠረት የእግራችን ግፊት በዘይቱ አማካይነት ፍሪሲዮኑን ወደሚያላቅቀው ሲሊንደር ይደርሳል። ዘይት እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። 1 ሚሊ ሊትር የአየር አረፋ፣ ግፊቱ 20 እጥፍ ሲያድግ፣ እንደ ቦይል ሕግ ወደ 0.05 ሚሊ ሊትር ይቀንሳል። የጎደለውን 0.95 ሚሊ ሊትር የሚሞላው ፔዳሉ የገፋው ዘይት ነው። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ፒስተኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጉዞ ያጣል፤ ዲስኩም ከሞተሩ ፈጽሞ ላይላቀቅ ይችላል።

አየሩን ለማስወጣት አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በሲሊንደሩ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ከፍቶ፣ ፔዳሉ ከመለቀቁ በፊት ይዘጋዋል። ቢዘገይ አየሩ ተመልሶ ይሳባል። መያዣው እንዳይጎድል ዘይት እየተጨመረ፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወጣ ድረስ ሥራው ይደጋገማል።