ለወርቅ ፈላጊ የሚሆን የአሸዋ መዛቂያ አመራረጥ

ከማሻ ተነሥቶ በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ፣ ከቴፒም ወደ ሚዛን የሚወርደው መንገድ በነጋዴ ዘንድ የታወቀው በቡናው፣ በማሩና በኮረሪማው ነው። ይሁን እንጂ ከሚዛን አልፎ በበበቃ በኩል ወደ ዲማ የሚዘልቀው መንገደኛ ሁሉ ቡና ገዢ አይደለም። በአኮቦ ወንዝ አካባቢ አሸዋ ውስጥ ወርቅ መኖሩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ ዶማና አካፋ፣ ወንፊትና ገበታ ገዝቶ ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው አይታጣም። እንዲህ ያለ ደንበኛ ከሱቁ ደጃፍ ሲቆም፣ የሚጠይቀውን ዕቃ ጠባይ አውቆ መጠበቅ የነጋዴው ፋንታ ነው።

በአገራችን የወርቅ ቦታዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዕቃ ተጨምሯል። ይኸውም በተለምዶ ዲቴክተር የሚባለው የብረታ ብረት መፈለጊያ ነው። ዋጋው ከባድ በመሆኑ ገዢው ስለዚህ መሣሪያ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ያማክራል። መሣሪያው ድምፅ በሰጠ ጊዜ አሸዋው የሚነሣበትን መዛቂያ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ያገኘውን ያነሣል። ነገር ግን መፈለጊያው ወርቁ ያለበትን ቦታ ከማመልከት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ወርቁን ከእጅ የሚያገባው ወይም መልሶ ከጉድጓድ የሚጥለው መዛቂያው ነው።

ነገሩ እንዲገባ የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ከመፈለጊያው ጫፍ ላይ ያለው ክብ ራስ በውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ አለው። በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጥራል። ይህ መስክ ከብረታ ብረት ጋር ሲገናኝ በብረታ ብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይነሣል፤ መሣሪያውም ያን ተቀብሎ በድምፅ ያስታውቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በግብፅ በኤል አላሜይን የተቀበሩ ፈንጂዎች የተፈለጉት በዚሁ ዘዴ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ዕቃው ወደ ሰላማዊ ሰው እጅ ገብቶ፣ በባሕር ማዶ አገሮች በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የጠፋ ሳንቲምና ቀለበት መፈለጊያ ሆነ።

የአስመጪው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ከውጭ አገር የዕቃ መዘርዝር ላይ «የአሸዋ መዛቂያ» ተብሎ በሥዕል የሚታየው ዕቃ በአብዛኛው የተሠራው ለባሕር ዳር ነው። ሦስት ምልክቶች አሉት። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው፤ እጀታው ረጅም ነው፤ ገላውም እንደ ወንፊት የተበሳ ነው። ለባሕር ዳር ሦስቱም ልክ ናቸው። የማይዝግ ብረት የተመረጠው የባሕሩ ጨው ተራውን ብረት ፈጥኖ ስለሚበላው ነው። እጀታው የረዘመው ሠራተኛው በውሃ ውስጥ ቆሞ ጎንበስ ሳይል እንዲዝቅ ነው። የተበሳውም አሸዋው ፈስሶ ሳንቲሙ እንዲቀር ነው። ለአኮቦ አሸዋ ግን ሦስቱም ምክንያቶች አይሠሩም።

ቀዳዳውን አስቀድመን እንመልከት። የባሕር ዳር መዛቂያ ቀዳዳ ስፋት ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳንቲምና ቀለበት ከዚያ ስለሚሰፉ አያልፉም። ወርቅ ግን ከብረታ ብረት ሁሉ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን፣ ያው መጠን ያለው ነጭ የአሸዋ ድንጋይ 2.65 ግራም ብቻ ይመዝናል። በዚህ ሒሳብ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል የወርቅ ፍሬ ከግማሽ ግራም በላይ ይመዝናል፤ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ 5 ግራም ያልፋል። ሁለቱም በባሕር ዳር መዛቂያ ቀዳዳ ሾልከው ይወርዳሉ። ስለዚህ መፈለጊያውን በብዙ ገንዘብ የገዛ ሰው፣ የሳምንት ድካሙን የሚክስ ፍሬ አግኝቶ በራሱ መዛቂያ መልሶ ሊጥለው ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ይህ ግን ያፈሰሰውን መልሶ ለመልቀም እንኳ ዕድል የማይሰጥ ነው።

ሁለተኛው ብረትነቱ ነው። መፈለጊያው ወርቅን ከሌላ ብረታ ብረት በቀላሉ አይለይም፤ ብረት መዛቂያ ከክብ ራሱ አጠገብ በቀረበ ቁጥር መሣሪያው ይጮኻል። የማይዝግ ብረትም ከዚህ ነፃ አይደለም። የወርቅ ፈላጊ ሥራ ደግሞ የዛቁትን አሸዋ ከነመዛቂያው ወደ መሣሪያው አቅርቦ ማስመርመርን የግድ ይጠይቃል።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። ድምፅ የተሰማበት ቦታ ይቆፈራል፤ አፈሩ ከወጣ በኋላ ጉድጓዱ እንደገና ይፈተሻል። ጉድጓዱ ዝም ካለ ዕቃው ከወጣው አፈር ውስጥ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ከአፈሩ በመዛቂያ ተነሥቶ በክብ ራሱ ላይ ይታለፋል። ድምፅ ከሰጠ ግማሹ በእጅ ተቀንሶ የቀረው እንደገና ይታያል። ድምፁ ከጠፋ ዕቃው ከተቀነሰው ግማሽ ውስጥ ነውና እሱ ይነሣል። 3 ሊትር አሸዋ እንዲህ 5 ጊዜ ለሁለት ሲከፈል የሚቀረው 100 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ያን በመዳፍ ዘርግቶ ማየት ቀላል ነው። መዛቂያው ብረት ከሆነ ግን መሣሪያው ሁልጊዜ ስለሚጮኽ ይህ ሁሉ ዘዴ ይቀራል። ሠራተኛውም አፈሩን በጣቱ ሲበረብር ይውላል።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር እርጥብ አሸዋ 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 3 ሊትር የሚይዝ መዛቂያ 100 ጊዜ ያነሣ ሰው በቀን 600 ኪሎ አሸዋ አንሥቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ የብረቱና የረጅሙ እጀታ ክብደት ሲታከል ክንድ ከቀትር በፊት ይዝላል። ደረቅ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ረጅም እጀታ ከእንቅፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ለዚህ አገር ሥራ የሚስማማው መዛቂያ በእጅ የሚያዝ፣ ያልተበሳ፣ ከፕላስቲክ የተሠራና እጀታው አጭር የሆነው ነው። መጠኑ ግማሽ ሊትር ያህል ቢሆን ይበቃል። ከንፈሩ ቀጭን ሆኖ ከአፈር በታች በቀላሉ የሚገባ፣ ወለሉ ሰፊ ሆኖ አሸዋው ስስ ሆኖ የሚነጠፍበት ሊሆን ይገባል። ከነጩና ከደማቁ ይልቅ ጥቁሩ ፕላስቲክ የፀሐይን ኃይል የበለጠ ይችላል፤ ሌላው በቆላ ፀሐይ ፈጥኖ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ባለሱቁ ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ከንፈሩን በጣቱ ጎበጥ አድርጎ ይፈትነው። ጎብጦ የሚመለሰው ይወሰድ፤ ነጭ መሥመር የሚያወጣው ይቅር። ከእጀታው ላይ ሚስማር ወይም ብሎን መኖር አለመኖሩም መታየት አለበት፤ አንዲት ሚስማር ዕቃውን በሙሉ ከንቱ ታደርገዋለችና።

ይህ ማለት የብረት ዕቃ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ደረቁን መሬት የሚሰብረው ዶማ ነው፤ አፈሩን የሚያወጣውም አካፋ ነው። እነዚህ ከጉድጓዱ ይቆያሉ እንጂ ወደ መፈለጊያው አይቀርቡም። ማግኔትም ቢጨመር መልካም ነው፤ የሚስማርና የአሮጌ ብረት ስብርባሪ ሲስብ ወርቅን ግን አይነካም። በመሣሪያ የማይገኘው ደቃቅ ወርቅ ደግሞ ያው በጥንቱ ገበታ በውሃ እየታጠበ ይወጣል። ስለሆነም አዲሱ ዕቃ የድሮውን ከሱቅ መደርደሪያ አያስወርደውም።

አቅሙ ያልፈቀደለት ደንበኛ ቢመጣ ነጋዴው ባዶ እጁን አይሰደው። ያገለገለ የፕላስቲክ ጀሪካን በሰያፍ ተቆርጦ፣ መያዣው ለእጀታ ሲተውለት ደኅና መዛቂያ ይሆናል። ደረቅ ቅልም፣ ሚስማር ያልገባበት የእንጨት ዕቃም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ይህን በነፃ የነገረ ባለሱቅ የመዛቂያውን ትርፍ ቢያጣ ዶማውን፣ ወንፊቱንና ስንቁን የሚሸጥለት ደንበኛ ያተርፋል።

አስመጪውም በብዛት ከማዘዙ በፊት አንድ ናሙና አስመጥቶ በመፈለጊያ ፊት ቢያሳልፈው የዓመት ኪሣራ ይድናል። ለሻጩ የሚጽፈው ጥያቄም ሦስት ብቻ ነው፦ ከምን ተሠራ? ቀዳዳ አለው ወይ? ውስጡ የተደበቀ ብረት አለ ወይ? መፈለጊያውን ራሱን ማስመጣት የሚሻ ግን ገንዘቡን ከመላኩ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገው እንደ ሆነ ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይጠይቅ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማዕድን ማምረትን በፈቃድ የሚሠራ አድርጎታልና፣ ለሠራተኛው ይህን ማስታወስ መልካም ነው። የተቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ መድፈንም ለከብቱም ለሰዉም ደኅንነት ነው።

በመጨረሻም ነገሩ የመዛቂያ ዋጋ ብቻ አይደለም። ወደ ወርቅ ቦታ የሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃውንና ስንቁን የሚወስደው በዱቤ ነው። ዱቤው የሚከፈለው ከአሸዋው በሚወጣው ወርቅ ነው። ወርቁ በመዛቂያው ቀዳዳ ከሾለከ ከሠራተኛው ጋር የነጋዴውም ገንዘብ አብሮ ይሾልካል። ስለዚህ ለደንበኛው የሚስማማውን ዕቃ መርጦ መስጠት፣ ነጋዴው ለራሱ መዝገብ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።