የወለጋ የምርጫ ክልሎች ከ1949 እስከ 2013 ዓ.ም.

ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ዛሬ የአራት ዞኖች መቀመጫ ከተሞች ናቸው። አራቱም ዞኖች ቀደም ሲል ወለጋ በሚባለው ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም ክፍለ ሀገር ሥር የነበሩ ሲሆን፣ ነዋሪዎቻቸው በቀጥታ ድምፅ ተወካይ ወደ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መላክ ከጀመሩ ከስድሳ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሕገ መንግሥቶችም ተሽረው በሌሎች ተተክተዋል። ሂደቱን ለመረዳት አንድ ጥያቄ ይጠቅማል፤ ይኸውም መራጩ ድምፅ ሊሰጥ ሲቀርብ የእነማንን ስም አገኘ፣ ስማቸውንስ ያቀረበው ማን ነበር የሚለው ነው።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢያቋቁምም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ በቀጥታ የመምረጥ መብት ያገኘው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫም በ1949 ዓ.ም. ተካሄደ። በሕጉ መሠረት አገሪቱ በተቻለ መጠን እያንዳንዳቸው 200,000 ነዋሪ ባላቸው የምርጫ ክልሎች ተከፋፈለች፤ እያንዳንዱ ክልልም ሁለት እንደራሴዎችን ይልክ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድምፅ መስጠት ይችላል።

ለመመረጥ ግን ሌላ መመዘኛ ነበረ። ዕጩው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። በመሆኑም በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ አካባቢ በሰው መሬት ላይ ቡና የሚለቅም ጭሰኛ ድምፁን የመስጠት መብት ቢኖረውም፣ እርሱ ራሱ ዕጩ የሚሆንበት በር ዝግ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲም ስላልነበረ ዕጩው የሚታወቀው በግል ዝናው፣ በዘሩና በሀብቱ ነው። ምርጫው በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. በየአራት ዓመቱ ተደግሟል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ፓርላማው ተበተነ።

ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሦስት ዓመታት ያህል አገር አቀፍ የሕግ አውጪ ምርጫ አልተካሄደም። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫዎች ምርጫ ሲደረግ የንብረት መመዘኛው ቀርቷል። ይሁን እንጂ ዕጩ የማቅረብ ሥልጣን ለኢሠፓ፣ ለብዙኃን ማኅበራትና ለሠራዊቱ ክፍሎች የተሰጠ ስለነበረ፣ በዘውዱ ዘመን ሀብት ይወስነው የነበረውን አሁን ድርጅት ወሰነው።

የሽግግሩ ዘመን ለወለጋ የተለየ ትርጉም ነበረው። በሽግግር መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት 12 መቀመጫ የነበረው የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) በምዕራብ ኦሮሚያ ሰፊ ድጋፍ ነበረው። ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. በተካሄደው የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ግን ድርጅቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሱን አገለለ፤ ወዲያውም ከሽግግር መንግሥቱ ወጣ። በዚህም የተነሣ በርካታ የወለጋ መራጮች የሚያውቁትን ተፎካካሪ ከውድድሩ ውጭ አገኙት። ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥት ጉባኤ፣ ከዚያም በ1987 እና በ1992 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለጨፌ ኦሮሚያ በተደረጉት ምርጫዎች ኦሕዴድ በአካባቢው ጎልቶ የወጣ ድርጅት ሆኖ ቀጠለ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ያስቀመጠው ሥርዓት እስከ ዛሬ የሚሠራበት በመሆኑ አሠራሩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ በሥራ ላይ ያለው 547 ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 178ቱ የኦሮሚያ ናቸው። ጨፌ ኦሮሚያ በበኩሉ 537 መቀመጫዎች አሉት። ለተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ከ100 መራጮች 40ው ለአንዱ፣ 35ቱ ለሁለተኛው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ድምፅ ቢሰጡ፣ 60 ሰዎች ያልመረጡት ዕጩ መቀመጫውን ይይዛል። ይህ አሠራር ድጋፉ በአንድ አካባቢ የተሰባሰበለትን ይጠቅማል፤ ድጋፉ በየቦታው የተበተነበትን ደግሞ ይጎዳል።

ይህ በግልጽ የታየው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በቦጂ ተወላጁ በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመራው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) የተመሠረተው ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። አዲስ ድርጅት ቢሆንም ደጋፊዎቹ በምዕራቡ የተሰባሰቡ ስለነበሩ በተወካዮች ምክር ቤት 11 መቀመጫዎችን አገኘ። ቁጥሩ ከኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች አንጻር ትንሽ ነው፤ ለወለጋ መራጭ ግን ትንሽ አልነበረም።

በዚያው ዕለት የደምቢ ዶሎ የምርጫ ክልል በመላ አገሪቱ ብቸኛ የሆነ ውጤት አስመዘገበ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የተወለዱት በዚችው ከተማ ሲሆን፣ በጀርመን አገር ለዶክትሬት ዲግሪ የጻፉት ጥናትም የአካባቢውን የሰዮ ኦሮሞ ታሪክ የሚመለከት ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤውን በሊቀመንበርነት መርተዋል፤ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ዓ.ም. ድረስም የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከኦሕዴድ ከተለዩ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው በግል ዕጩነት ተወዳድረው አሸነፉ። ከ547ቱ መቀመጫዎች በግል ዕጩ የተያዘው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። ውሳኔያቸው ዋጋ ነበረው፤ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፖለቲካ ገለልተኛ ሆኖ እንዲቆይ የሚጠይቀውን አዋጅ ቁጥር 255/1994 መሠረት በማድረግ በቀድሞ ፕሬዚዳንትነታቸው ያገኙት የነበረው ጥቅማ ጥቅም ተቋርጦባቸዋል። ያጸደቀውን ጉባኤ በመሩት ሕገ መንግሥት የተፈቀደውን የመመረጥ መብት ራሳቸው እንደ ተራ ዜጋ ሲጠቀሙበት የታየው በደምቢ ዶሎ መሆኑ የአካባቢውን የምርጫ ታሪክ ልዩ ያደርገዋል።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የተያዙት መቀመጫዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ አንዱ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በቦንጋ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አንድም አልነበረም። በወለጋ የነበረው የ1997ቱ ስብጥር በዚህ መልኩ አበቃ።

ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ከ1984ቱ ምርጫ ጋር መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው። ሌላው መመሳሰል ግን ችላ የሚባል አይደለም፤ በዚህኛውም ጊዜ ኦነግና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) በውድድሩ አልተሳተፉም። ከዚህም በላይ በወለጋ ዞኖች በሚገኙ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በፀጥታ ችግር ምክንያት ድምፅ መስጠት አልተቻለም። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በሶማሌና በሐረሪ ክልሎች እንዲሁም በደቡብ የተካሄደው ሁለተኛ ዙርም እነዚህን አካባቢዎች አላካተተም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች በመሆናቸው፣ ድምፅ ያልሰጠ ወረዳ በሕግ ፊት ተወካይ የለውም አይባልም። በተግባር ግን ልዩነቱ ይሰማል። አባላት በእረፍት ወቅት ወደየምርጫ ክልላቸው ተመልሰው መራጩን ያወያያሉ፤ የመንገዱን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የማዳበሪያውን ጉዳይ ይዘው ተመልሰው ሚኒስትሮችን ይጠይቃሉ። መቀመጫው ባዶ በሆነበት ወረዳ ይህን የሚያደርግ የራሱ ሰው የለም፤ ነዋሪው አቤቱታውን በአስተዳደር እርከኖች በኩል ወይም በሌላ ምርጫ ክልል ተወካይ በኩል ማቅረብ ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ አባላት በቀጥታ ምርጫ እንዲመረጡ ስለሚደነግግም ክፍት መቀመጫን በሹመት መሙላት አይቻልም። ወንበሩ የሚሞላው የምርጫ ጣቢያዎቹ ተከፍተው፣ መዝገቡ ተዘጋጅቶ፣ ድምፁ እዚያው ተቆጥሮ ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ብቻ ነው።